አሮጌው ተሳቢ ለሚዛን አይቅረብ

በትምህርት ቤታችን ግቢ ከማንጎው ዛፍ ሥር ስለ ቆመው ተሳቢ ዘንድሮ ብዙ ተነግሯል። አንዳንዱ «ቦታ ይዞብናል» ይላል፤ አንዳንዱ «እባብ ገብቶበታል» ይላል፤ የዘጠነኛ ክፍል ታናናሾቻችን ደግሞ «ኤሊዋ» የሚል ስም አውጥተውለት ይስቁበታል። አሁን ግን ነገሩ ከሣቅ አልፎ ከወላጆችና ከአስተማሪዎች ኮሚቴ ፊት ቀርቧል። የቀረበውም አሳብ ተሳቢው ተቆራርጦ ለቁራሌ በኪሎ ይሸጥ፥ ገንዘቡም ለወንበር መግዣ ይዋል የሚል ነው። እኔ ይህን አሳብ እቃወማለሁ። የምቃወመውም ወንበር ጠልቼ አይደለም፤ እግሩ በተወላገደ ወንበር ላይ ተቀምጦ መጻፍ ምን እንደ ሆነ አውቀዋለሁ። ነገር ግን ተሳቢው በሚዛን የሚያወጣው ብር ከጥቂት ወንበሮች በላይ የሚገዛ አይመስለኝም። ቢታደስ ግን ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ዕቃ ነው፤ የሚያድሱትም ከሩቅ የሚመጡ ባለሙያዎች ሳይሆኑ እኛው ተማሪዎች መሆን እንችላለን።

በመጀመሪያ ዕቃው ምን እንደ ሆነ ላስረዳ፤ ከሚከራከሩት ሰዎች ብዙዎቹ ተከፍቶ አላዩትምና። ከውጭ ሲያዩት ሁለት ጎማ ያለው፥ ከፍታው ከሰው ደረት የማያልፍ፥ በጠፍጣፋ ክዳን የተዘጋ ትልቅ ሣጥን ነው። ከፊቱ የተተከለውን ዊንች በእጅ ሲያዞሩት በሆዱ ውስጥ የተዘረጋው የብረት ካቦ በትንንሽ መዘውሮች ላይ እየተሳበ አራቱን የማዕዘን ምሰሶዎች ወደ ላይ ያስረዝማቸዋል፤ ክዳኑም ከነሸራው ተነሥቶ ጣራ ይሆናል። ከዚያ በኋላ በፊትና በኋላ ያሉት ሁለት አልጋዎች እንደ ጠረጴዛ መሳቢያ ወደ ውጭ ይሳባሉ፥ ሸራው በላያቸው ይወጠራል፥ በመካከሉም ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ክፍል ይገኛል። ሲታጠፍ ሣጥን፥ ሲዘረጋ ቤት ነው ማለት ነው።

ይህን ዓይነት ተሳቢ ያስፋፉት አሜሪካውያን ናቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ገደማ አውቶሞቢል በአገራቸው ሲበዛ ድንኳን የተጫነበት ተሳቢ መሥራት ጀመሩ፤ ቆይቶም በፋኖሱና በምድጃው የታወቀው የኮልማን ኩባንያ ሳይቀር ወደዚህ ሥራ ገባ። አባትና እናት ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ጫካና ወደ ሐይቅ ዳር ሲሄዱ የሆቴል ገንዘብ ሳይከፍሉ ያድሩበታል። በዚያ አገር ያረጀውን በርካሽ ገዝቶ፥ ወለሉን ነቅሎ፥ ሸራውን ሰፍቶ፥ በገዛ እጅ ማደስ የብዙ ቤተ ሰብ የቅዳሜና የእሑድ ሥራ ነው። ወደ እኛ የመጣው በክልላችን ሥራውን ፈጽሞ የሄደ አንድ ድርጅት ከጠረጴዛና ከቁም ሣጥን ጋር ትቶልን ነው። ጠረጴዛውና ቁም ሣጥኑ ወዲያው አገልግሎት አገኙ፤ ተሳቢው ግን ምን እንደሚደረግበት የሚያውቅ ስላልነበረ ከዛፉ ሥር ቀረ።

«ይህማ የፈረንጅ መዝናኛ ነው፤ ለእኛ ምን ያደርጋል?» የሚሉ ሰዎች አሉ። ለመዝናናት ከሆነ እኔም አልከራከርም። ይሁን እንጂ ታጥፎ የሚጓዝ ቤት ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር ነው ቢባል እውነት አይሆንም። በ1520 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን የመጣው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግል ከተማ በድንኳን የተሠራና ከቦታ ወደ ቦታ የሚዛወር እንደ ነበረ፥ ሰፈሩ በተዛወረ ቊጥርም እያንዳንዱ ድንኳኑን የሚተክልበትን ስፍራ አስቀድሞ ያውቅ እንደ ነበረ ጽፏል። ዛሬም ቢሆን በአፋር እናቶች በቀጭን እንጨትና በሰሌን የሠሩትን ቤት ነቅለው፥ በግመል ጭነው፥ ሣር ወዳለበት ወስደው መልሰው ይተክሉታል። የእኛ ተሳቢ ግመሉ በጎማ፥ ሰሌኑ በሸራ ተለወጠ እንጂ አሳቡ ያው ነው።

አሁን ወደ ዕቃው ልመለስ። ባለፈው ጥር በፈተናው ዕረፍት ሳምንት እኔና ሦስት የክፍል ጓደኞቼ ዲሬክተራችንን አስፈቅደን ተሳቢውን መረመርነው። ከገበያው አጠገብ ጋራዥ ያላቸውን አንድ አዛውንት መካኒክ ለምነን ይዘናቸው ሄድን፤ ስማቸው እንዲጻፍ ስላልወደዱ ጋሼ እያልኩ እጠራቸዋለሁ። እኛ ክዳኑን ለመክፈት ስንጣደፍ እርሳቸው ጆንያ አንጥፈው መሬት ላይ ተንጋለሉና ከሥሩ ገቡ። «መጋረጃውን በኋላ ታዩታላችሁ፤ መጀመሪያ መንገድ የሚሄድ መሆኑን እንወቅ» አሉን።

ሻንሲው ዝጓል፤ ነገር ግን ዝገቱ የላይ ነው፤ በመዶሻ ሲመቱት ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ብረት ውስጡ ከተበላ እንዲህ አይጮኽም። ከግራው ባሌስትራ አንዱ ቅጠል ተሰንጥቋል። ከዚህ በኋላ ጋሼ በክሪክ አንሥተው ጎማዎቹን በእጃቸው አሽከረከሯቸው። የግራው ዝም ብሎ ዞረ፤ የቀኙ እንደ ወፍጮ አጉረመረመ። ሲፈቱት በኩሽኔታው ውስጥ የነበረው ግሪስ ደርቆ እንደ ሰም ሆኗል። ይህ ትንሽ ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን ግሪሱ የደረቀ ኩሽኔታ በመንገድ ላይ ይግላል፥ ይነክሳል፥ ሲብስም ጎማው ተነቅሎ ይሄዳል።

ስለ ጎማው የተማርኩት ነገር ደግሞ መኪና ላላቸው ወላጆችም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። የሁለቱም ጎማዎች ጥርስ አዲስ ይመስላል፤ ብዙ አልሄዱምና። እኛም ደስ አለን። ጋሼ ግን በጎማው ጎን ላይ በትንሽ ክብ ውስጥ የተቀረጹ አራት ቊጥሮች አሳዩን፤ 0911 ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፥ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይነግራሉ፤ ይኸውም ጎማው በ2011 እ.ኤ.አ. በዘጠነኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጎማ በመሮጥ ብቻ ሳይሆን በመቆምና በፀሐይም ያረጃል፤ ጎኑን ጠምዘዝ አድርገው ሲያሳዩን በሙሉ በቀጫጭን ስንጥቅ ተሸፍኗል። ስለዚህ ሁለቱም ጎማዎች መለወጥ አለባቸው፤ እዚህ ላይ ቁጠባ አያስፈልግም።

ከዚህ በኋላ ክዳኑ ተከፈተ። እባብ አልነበረም፤ እንሽላሊትና የተርብ ቤት ግን ነበር። ካቦው በአንድ ቦታ ላይ ክሮቹ መበጣጠስ ስለ ጀመሩ ጣራው ተነሥቶ ሳለ ማንም ከሥሩ እንዳይገባ አራት ወፍራም እንጨት አስደገፍነው። ሸራው በአንድ አልጋ ማዕዘን ተቀድዷል፥ ሻግቷልም፤ የመስኮቶቹ ወንፊት ግን ደኅና ነው። ዋናው ጉዳት የተገኘው በወለሉ ላይ ነው። የወለሉ ፕላይውድ በፕላስቲክ ምንጣፍ ስለ ተሸፈነ ላዩ ደረቅና ደኅና ይመስላል። ጋሼ ካቻቢቴያቸውን አውጥተው በየክንዱ ርቀት ወጋ ወጋ አደረጉት፤ በሦስቱ ማዕዘን ጠንካራ ነው፤ በበሩ አጠገብ ባለው ማዕዘን ግን ካቻቢቴው እንደ ዳቦ እየበሳ ገባ።

ምክንያቱን ስንፈልግ ውሃው የሚገባው ከወለሉ ሳይሆን ከጣራው ጠርዝ ሆኖ ተገኘ። በክዳኑ ዙሪያ ያለው መድፈኛ ማስቲሽ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ዝናቡ በዚያ ሰርጎ በግድግዳው ውስጥ ለውስጥ ይወርድና ከማዕዘኑ ላይ ይጠራቀማል። አሶሳ ከግንቦት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ዝናብ የማይለያት ከተማ ናት። ሁለት ክረምት በዚህ ዓይነት ማሳለፉ ነው ማዕዘኑን ያበሰበሰው።

እንግዲህ በእኔ አሳብ የእድሳቱ ቅደም ተከተል ከዚህ ይወለዳል። ብዙ ሰው አሮጌ ዕቃ ሲያድስ የሚጀምረው ከቀለም ነው፤ ቀለም ለዓይን ቶሎ ይደርሳልና። የእኛም ክፍል ተማሪዎች ነገሩን ስናወራቸው መጀመሪያ የተከራከሩት ስለ ቀለሙ ዓይነት ነበር፤ ሁለት ቀን ሙሉ! ነገር ግን ውሃ የሚያስገባ ጣራ ሳይደፈን ወለል መለወጥ በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የደረቀው ማስቲሽ ተፍቆ ይወጣል፥ ጠርዙ ይጸዳል፥ በአዲስ ይደፈናል። ከዚያም አንዱ ተማሪ የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይገባል፥ ሌሎቹ ከላይ በባልዲ ውሃ ያፈሳሉ። አንዲት ጠብታ እንኳ ከታየች ሥራው ገና ነው።

ወለሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የበሰበሰው ጣውላ ደኅናው እስኪገኝ ድረስ ተቆርጦ መውጣት አለበት፤ በበሰበሰው ላይ አዲስ ጣውላ መደረብ መበስበሱን መሸፈን ብቻ ነው። አዲሱ ፕላይውድ ከመግባቱ በፊት ጠርዙ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀለም መቀባት ይገባዋል፤ ፕላይውድ ውሃ የሚጠጣው ከገጹ ይልቅ ከጠርዙ ነውና።

ለመደርደሪያውና ለአልጋው ርብራብ ግን ከመርካቶ ጣውላ የምናስመጣበት ምክንያት አይታየኝም። ክልላችን የታወቀበት የቆላ ሽመል በየመንገዱ ዳር አለ። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ነው፤ የእኛው ሽመል ግን ከሞላ ጎደል ድፍን ስለ ሆነ ሸክም ይችላል፥ ክብደቱም ለተሳቢ የሚስማማ ነው። አባቶቻችን ቤትና አጥር ሲሠሩበት የኖሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ ሽመል ጠላት አለው፤ ይኸውም በውስጡ ያለውን ስታርች የሚበላ ነቀዝ ነው። ስለዚህ ለጋው ሳይሆን ሦስት ዓመት የሞላው ተመርጦ በበጋ መቆረጥ፥ በውሃ ውስጥ ለጥቂት ሳምንት ተነክሮ በጥላ መድረቅ ይገባዋል፤ ቦራክስ ከተገኘማ በእርሱ ውሃ ቢነከር ይበልጥ ይጸናል። ይህን ሥራ ከእኛ ይልቅ የሚያውቁት አልጋና ወንበር ከሽመል የሚሠሩት የከተማችን ሰዎች ናቸው፤ አንድ ቀን መጥተው ቢያሳዩን እንደ አስተማሪ ልናከብራቸው ይገባል። በሌላ በኩል «ሁሉም ነገር በሽመል ይሠራ» የሚሉትን ጓደኞቼን አልደግፋቸውም። ሻንሲ፥ መጎተቻና ጋንቾ የብረት ሥራ ነው፤ የባሌስትራውም ነገር ለጋሼ መተው አለበት።

ሸራውን በተመለከተ በገበያችን ወፍራም ጨርቅ የሚሰፉ ልብስ ሰፊዎች አሉ። ቀዳዳው ከውስጥም ከውጭም እራፊ ተደርጎበት ይሰፋል። ሸራው የጥጥ ስለ ሆነ ከተሰፋ በኋላ በውሃ አርሶ ማድረቅ ይገባል፤ ክሩ ሲያብጥ መርፌው የበሳውን ቀዳዳ ይደፍነዋል። ደግሞ ሸራ እርጥብ ሆኖ አይታጠፍም። ያሁኑ ሻጋታ የመጣው በዝናብ ቀን ታጥፎ ስለ ተዘጋ እንደ ሆነ ከእጥፋቱ መስመር ይታያል።

አሁን ደግሞ ተቃዋሚዎቼ ወደሚያነሡት ነገር ልምጣ። የመጀመሪያው ገንዘብ ነው። እውነት ነው፤ ሁለት ጎማ፥ አንድ ኩሽኔታ፥ አንድ የባሌስትራ ቅጠል፥ ካቦ፥ ፕላይውድና ማስቲሽ በነጻ አይገኝም። አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ስለምትርቅ ዕቃው ሲመጣ ዋጋው ይጨምራል። ነገር ግን ኩሽኔታ ቊጥሩ በላዩ ተቀርጾ ይገኛል፤ ቊጥሩን ጽፎ ወደ መርካቶ ለሚሄድ ሰው መስጠት ነው እንጂ ሌላ ጥበብ አይጠይቅም። የእጅ ዋጋው የእኛ ነው። ከዚህም ሌላ ትምህርት ቤታችን አንድ ቀን አዲስ መኪና ገዝቶ ይህን ሥራ ይሠራል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ተስፋ ይመስለኛል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በተለይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መንግሥት ከልክሏል። የከለከለበት ምክንያት አለው፤ ያን እዚህ አልመረምርም። ለእኛ የሚተርፈው ግን በአገር ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ ዕድሜው ሊረዝም ይገባል የሚለው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከገንዘቡ ይልቅ ያሳስበኛል። አንድ የተከበሩ አባት በስብሰባው ላይ «ልጄን የላክሁት ቀለም ሊማር ነው፤ ብረት ሊቀጠቅጥማ ቢሆን ከጋራዥ ባስገባሁት ነበር» ብለው መናገራቸውን ሰምቻለሁ። እኒህ አባት ልጃቸውን ስለሚወዱ እንዲህ አሉ፤ አሳባቸው ግን የቆየ በሽታችን ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን፥ ሸማ የሚሠራውንና ሸክላ የሚሠራችውን እየሰደብን ማረሻውን፥ ጋቢውንና ጀበናውን ከእነርሱ ስንቀበል ኖረናል። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክለውን አዋጅ በ1900 ዓ.ም. አወጁ፤ ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ። አዋጁ ወደ ልባችን ለመግባት ከዚህ የበለጠ ስንት ጊዜ ይፈልጋል?

ደግሞስ ወደ ባምባሲ ወይም ወደ ነቀምት ስንሄድ የምንሳፈርበት ምንድር ነው? ብዙ ጊዜ ቅጥቅጥ ነው። ስሙ ራሱ ታሪኩን ይናገራል። የኢሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ተወስዶ፥ የአገራችን ባለ እጆች ላሜራ ቀጥቅጠው፥ በይደው፥ ወንበር ተክለው፥ መስኮት አበጅተው የሕዝብ ማመላለሻ አደረጉት። ከዚያ በፊት በአዲስ አበባ ከኋላ ሁለት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት የተተከለበትን ትንሽ የጭነት መኪና ሕዝቡ «ውይይት» ብሎ ጠርቶታል፤ ተሳፋሪው ጉልበት ለጉልበት ተገናኝቶ የሚወያይ ይመስላልና። እነዚህን ያስገኘው ያለውን ዕቃ ለሚያስፈልገው ሥራ የለወጠ እጅ ነው። በክልላችን በጉባ ወረዳ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ሁላችንም አጨበጨብን፥ ስለ እርሱም ድርሰት ጻፍን። ይህን በመሰለ ሥራ አገር ተወልደን አንድ ቡሎን ሳንፈታ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረሳችን ግን አይገርምምን?

የፊዚክስ አስተማሪያችን ስለ ሞመንት ሲያስተምሩን በጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ መስመርና አንድ ሦስት ማዕዘን ሣሉልን፤ ቀመሩንም ሸመደድን። በተሳቢው ላይ ያ ቀመር ሕይወት አለው። ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከመቶ ከ10 እስከ 15 ያህሉ በጋንቾው ላይ ማረፍ አለበት። ጭነቱ ወደ ኋላ ካዘነበለ ተሳቢው በመንገድ ላይ እንደ ዓሣ ጅራት እየተወዛወዘ የሚጎትተውን መኪና ጭምር ሊገለብጥ ይችላል፤ ወደ ፊት ከበዛ ደግሞ የመኪናው ኋላ ይጎብጣል፥ የፊቱ ጎማ መሬቱን አጥብቆ አይዝም። እንግዲህ የመጽሐፉ መደርደሪያ ከመሽከርከሪያው ስንት ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ይተከል? ይህ የፈተና ጥያቄ ቢሆን የክፍላችን ግማሽ የሚወድቅ ይመስለኛል፤ በእጃችን ከሠራነው በኋላ ግን የሚረሳው አይኖርም። ዝገትንም በኬሚስትሪ ተምረነዋል፤ ከደብተራችን ውጭ የት እንዳለ የሚጠይቀን ስላልነበረ አላየነውም እንጂ ከማንጎው ሥር ቆሞ ይጠብቀን ነበር።

መጽሐፍ ብዬ ያነሣሁት ዋናው አሳቤ ስለ ሆነ ነው። ተሳቢው ሲታደስ ተንቀሳቃሽ የንባብ ክፍል እንዲሆን እፈልጋለሁ። ከአሶሳ ወጣ ብለው ባሉት ቀበሌዎች የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ፤ የመጻሕፍት ቤት የሚባል ግን ስሙ እንጂ መደርደሪያው በብዙዎቹ ዘንድ የለም። የእኛ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ሁለት ሦስት ቅጂ ያላቸው የተረት መጻሕፍት አሉት፤ ታናናሾቻችን አድገውባቸዋል፥ አሁን አቧራ ይጠጣሉ። በወር ሁለት ቅዳሜ ተሳቢው ወደ አንድ ቀበሌ ቢሄድ፥ ጣራው ቢነሣ፥ አልጋዎቹ ቢዘረጉና ሕፃናቱ በላያቸው ተቀምጠው ቢያነቡ፥ ከእኛም በርታ፥ ጉሙዝ፥ ሺናሻና አማርኛ የሚናገሩ ተማሪዎች አብረው ሄደው ቢያነቡላቸው፥ ዝናብ ቢመጣ እንኳ ሸራው ያስጠልላል። ለዚህ ምሳሌ የሚሆን ሥራ በአገራችን ተሠርቷል። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ከአሜሪካ ተመልሰው በአዲስ አበባ ሾላ የሕፃናት መጻሕፍት ቤት ከከፈቱ በኋላ በሐዋሳ በአህያ የሚጎተት የመጻሕፍት ጋሪ እንዲዞር አድርገዋል። በ2008 እ.ኤ.አ. ሲ.ኤን.ኤን. የተባለው ቴሌቪዥን ከዓመቱ አሥር ጀግኖች አንዱ አድርጎ የመረጣቸው በዚህ ሥራቸው ነው። አህያ የጎተተችውን እኛ በመኪና መጎተት ያቅተናልን?

እዚህ ላይ «የሚጎትተው መኪና የት አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ ሰምቻለሁ፤ ጥያቄው የሚገባ ነው። ተሳቢው ቀላል ስለ ሆነ አንድ ደኅና ፒክ አፕ ይጎትተዋል፤ ትምህርት ቤታችን ግን ፒክ አፕ የለውም። ከወላጆቻችን መካከል ሦስቱ እንዳላቸው አውቃለሁ። በወር ሁለት ቅዳሜ በተራ ቢሰጡን ለእያንዳንዳቸው በዓመት ስምንት ቀን ብቻ ይደርሳቸዋል። ይህን በጽሑፍ መጠየቄ ድፍረት እንዳይሆንብኝ ይቅርታ እለምናለሁ፤ በቃል ግን ልጆቻቸው ቀድመውኝ ነግረዋቸዋል።

የማልደራደርባቸው ነገሮችም አሉኝ። በተሳቢው ውስጥ የነበረው የጋዝ ምድጃ ወጥቶ መቅረት አለበት። ቡና ይፈላበት የሚሉ ጓደኞች አሉኝ፤ ቡናው ከውጭ ከዛፍ ጥላ ሥር ይፈላ። በተዘጋ ሸራ ውስጥ ከሰልም ሆነ ጋዝ ሲነድ የሚወጣው የካርቦን ሞኖክሳይድ አየር ሽታ የለውም፤ ሰውን እንደ ተኛ ይገድላል። ተሳቢው በሚጎተትበት ጊዜ ማንም ሰው በውስጡ አይቀመጥም፤ «ትንሽ መንገድ ናት» የሚባል ምክንያት አይሠራም። የፍሬንና የማዞሪያ መብራቶቹ ሳይበሩ ከግቢው አይወጣም፤ ከጋንቾው ሥር ሁለቱ ሰንሰለቶች ተመሳቅለው ይታሰሩ፤ ጋንቾው ድንገት ቢፈታ መጎተቻው መሬት ሳይወጋ በሰንሰለቱ ላይ ያርፋልና። ጎማዎቹ ሳይለወጡ እንሂድ የሚል ቢነሣ እኔ ራሴ ከተቃዋሚዎቹ ጋር እቆማለሁ፤ ያን ጊዜ ለቁራሌም ቢሸጥ አልከፋም።

ጊዜውንም አስበንበታል። ክረምቱ ለሸራ ሥራ አይመችም፤ ለብረቱና ለጎማው ግን የእጅ ሥራ ክፍሉ ጣራ ይበቃል። በሐምሌና በነሐሴ ከተማ ውስጥ የምንቆይ አሥራ አንድ ተማሪዎች ስማችንን ለዲሬክተራችን ሰጥተናል፤ ከእነዚህ አራቱ ሴቶች ናቸው፥ ከሁላችንም በመስፋት የምትሻለው ግን ወንድ ናት ተብላ የምትታማው ጓደኛችን ሳትሆን አባቱ ልብስ ሰፊ የሆነው ልጅ ነው። ጋሼ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያለ ክፍያ ሊመጡ ቃል ገብተዋል፤ የጠየቁት ነገር ቢኖር ዕቃቸው በጨለማ እንዳይጠፋ ተቈጥሮ እንዲመለስ ብቻ ነው። ጣራውን በሐምሌ ከደፈንን የክረምቱ ዝናብ ራሱ ይፈትንልናል፤ ሸራው ከመስቀል በኋላ በፀሐይ ይሰፋል፤ ሽመሉ ደግሞ በኅዳር ይቆረጣል።

ኮሚቴው የሚሰበሰበው ሰኔ ሲጋመስ ነው። ከዚያ በፊት ተሳቢውን ተከፍቶ ማየት የሚፈልግ ወላጅ ወይም አስተማሪ ቢኖር የዊንቹ እጀታ ከዘበኛው ዘንድ ተቀምጧል፤ ከአሥራ ሁለተኛ «ለ» ክፍል አንዳችንን ማስጠራት ነው። ሲገቡ በበሩ አጠገብ ያለውን ማዕዘን እንዳይረግጡ አደራ፤ ጠመኔ አድርገንበታል።